ለራሳቸው ነፃነት የመጡት ሰፋሪዎችና የዛሬው የአሜሪካ የሃይማኖት ክርክር

በ2024 የሉዊዚያና ግዛት አሥርቱ ትእዛዛት በእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እንዲሰቀሉ የሚያዝ ሕግ አወጣች። በ2025 ቴክሳስና አርካንሳስ ተከተሏት። ሦስቱም ሕጎች ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ደጋፊዎቹ አገሪቱን የመሠረቷት ለእምነታቸው ብለው ውቅያኖስ ያቋረጡ ክርስቲያኖች ናቸው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አገሪቱን የመሠረቷት ከሃይማኖት ጭቆና ሸሽተው ለሁሉም ነፃነት ሊያቆሙ የመጡ ሰዎች ናቸው ይላሉ። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የሚጠራው እነዚያኑ ሰዎች ነው።

እኔ ሁለቱም ታሪኩን ቆርጠውታል ባይ ነኝ። በ1600ዎቹ ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች አንድ ወገን አልነበሩም። ሁሉም ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር፣ ግን አንዱ ሌላውን እንደ መናፍቅ ያየው ነበር። ብዙዎቹ ነፃነት የፈለጉት ለገዛ እምነታቸው ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ የሚሆን የሃይማኖት ነፃነት የሚለው ሐሳብ የበቀለው እነሱ ካባረሯቸው፣ ከገረፏቸውና ካሰሯቸው ሰዎች ነው። ልጆቻችን በየዓመቱ በኅዳር ትምህርት ቤት ፒልግሪም ስለሚባሉት ሰፋሪዎች ሲማሩ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን ይመስለኛል።

መነሻው እንግሊዝ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም ተለይቶ ራሱን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑና ዙፋኑ ተጣበቁ። የአገሩን ጳጳሳት መቃወም ንጉሡን መቃወም ሆነ። በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልተገኘ ሰው በሕግ ይቀጣ ነበር። ካቶሊክ የሆነ ሰው ለውጭ ኃይል ያደረ ተብሎ ይጠረጠራል። በሌላ በኩል ደግሞ ተሐድሶው ገና አላለቀም የሚሉ ነበሩ፤ የጳጳሳቱ ሥልጣን፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ማማተቡ፣ በዓላቱ፣ ይህ ሁሉ ከሮም የተረፈ ነው፣ ይጥራ የሚሉ። ፒዩሪታን የተባሉት እነዚህ ናቸው። ከእነሱም መካከል ተስፋ የቆረጡ ነበሩ፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን አትታረምም፣ ጥለናት እንውጣ የሚሉ። እነዚህን ተገንጣዮች እንበላቸው። በፒዩሪታንና በተገንጣይ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ለእነሱ ግን የእስርና የስደት ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያው ዘላቂ የእንግሊዝ ሰፈራ ግን ከፒዩሪታኖቹም ከተገንጣዮቹም አልመጣም። በ1607 ጄምስታውን፣ ቨርጂኒያ የወረዱትን ሰዎች የላካቸው የንግድ ኩባንያ ነው። ወርቅ ፈልገው ነው የመጡት፣ ወርቁ ሲታጣ ትምባሆ ተገኘ። ሃይማኖት ግን አልተረሳም። ሮበርት ሃንት የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ አብሯቸው ነበር። ሰፈራው በረሃብና በሥርዓት አልበኝነት ሊጠፋ ሲቃረብ በ1610 እና በ1611 የወጣው የወታደር ሕግ ሰፋሪው ሁሉ በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ ጸሎት ላይ እንዲገኝ ያዝ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ የቀረ የዕለት ምግቡን ያጣል። ሁለተኛ ይገረፋል። ሦስተኛ ስድስት ወር የግዳጅ ሥራ። ይህን ያደረጉት እንደ ጨካኝ የሚታወሱት ፒዩሪታኖች አይደሉም፣ የአገሩን መደበኛ እምነት የያዙ ተራ አንግሊካኖች ናቸው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በቨርጂኒያ አገሪቱ ከእንግሊዝ እስከተለየችበት አብዮት ድረስ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆና ቆየች። የካህኑን ደመወዝ ሕዝቡ ወደደም ጠላም በግብር፣ ያውም በትምባሆ ይከፍል ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1619 የመጀመሪያዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ቨርጂኒያ ደረሱ። ክርስቲያን ክርስቲያንን ባሪያ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ጌቶቹን ያስጨንቃቸው ነበር፣ ምክንያቱም ተጠምቄአለሁና ነፃ ልወጣ ይገባኛል ብሎ የሚከራከር ሰው መጣ። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1667 መልሱን በሕግ ሰጠ፦ ጥምቀት የባሪያን ሁኔታ አይለውጥም። ስለ ሃይማኖተኞቹ ሰፋሪዎች ሲወራ ይህ ሕግ ሁሌም አብሮ መነሣት ያለበት ይመስለኛል። ወንጌሉን ይዘው የመጡት ሰዎች ወንጌሉ ንብረታቸውን እንዳይነካባቸው በሕግ አጠሩት።

ወደ ተገንጣዮቹ ስንመጣ፣ ልጆቻችን ፒልግሪም ብለው የሚያውቋቸው እነሱ ናቸው። በሰሜን እንግሊዝ ስክሩቢ በምትባል መንደር በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። ሲታደኑ በ1608 ወደ ሆላንድ ሸሹ፣ በላይደን ከተማም ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። እዚያ የሚያሳድዳቸው አልነበረም። ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። ሥራው አድካሚ፣ ኑሮው ድሃ፣ ልጆቻቸውም ቋንቋውንና ባሕሉን እየለመዱ ከእጃቸው እየወጡ ሄዱ። ይህን ስሜት በውጭ አገር ልጅ ያሳደገ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ 102 ተሳፋሪ ሆነው ሲነሡ ከላይደን ማኅበር የመጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሌሎቹ ሥራና መሬት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ከመርከቡ ሳይወርዱ 41 ወንዶች የፈረሙት የአስተዳደር ስምምነት የተጻፈውም እነዚህ ሁለት ወገኖች እንዳይበታተኑ ተፈርቶ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ አለቁ። የሰፈሩበት ቦታ ፓቱክሰት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር የነበረ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ወረርሽኝ መንደሩን ባዶ አድርጎት ነበር፣ በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያሳያቸው ቲስኳንተምም የዚያው መንደር ልጅ ነበር።

ፕሊመዝ የተባለችው ይህች የፒልግሪሞቹ ሰፈራ ትንሽ ነበረች። አገሩን የቀየሩት ከአሥር ዓመት በኋላ የመጡት ፒዩሪታኖች ናቸው። ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ በ1629 ፓርላማውን በትኖ ብቻውን መግዛት ጀመረ። ዊልያም ሎድ የሚባለው ጳጳስ፣ በኋላም ሊቀ ጳጳስ፣ ፒዩሪታን ሰባኪዎችን ከመድረክ እያወረደ ነበር። በ1630 ጆን ዊንትሮፕ የሚመራቸው 700 ያህል ሰዎች በ11 መርከብ ወደ ማሳቹሴትስ ተነሡ። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተከተላቸው። ከቨርጂኒያ በተለየ እነዚህ በቤተሰብ ነው የመጡት። የተማሩ፣ መጠነኛ ሀብት ያላቸው፣ አብዛኛዎቹ ማንበብ የሚችሉ ነበሩ። ዊንትሮፕ የዓለም ሁሉ ዓይን የሚያያት በተራራ ላይ ያለች ከተማ እንሆናለን አላቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህ ንግግር ነው።

ከተማዋ ምን ትመስል ነበር? በ1631 የመምረጥ መብት ለቤተ ክርስቲያን አባላት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አባል ለመሆን መጠመቅና መቀደስ አይበቃም። ብዙ ሳይቆይ ጸጋ እንዴት እንደነካህ በማኅበሩ ፊት ቆመህ መናገርና ማሳመን ግዴታ ሆነ። ካህናቱ ራሳቸው የመንግሥት ሹመት አይዙም ነበር፣ ይህን ለእነሱ ፍትሕ ስል እናገራለሁ። ነገር ግን ዳኛው የሚቀጣው በወንጀል ብቻ አይደለም፣ በእምነት ስሕተትም ነው። በ1659 ገናን ማክበር ከለከሉ። በዓሉን ሲያከብር የተገኘ አምስት ሽልንግ ይቀጣል። ምክንያታቸው ቀኑ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፣ ሕዝቡም የሚያሳልፈው በስካርና በጭፈራ ነው የሚል ነበር። ሕጉ እስከ 1681 ቆየ። ዛሬ በሕዝብ አደባባይ የገና ዛፍ ካልተተከለ የአባቶቻችን እምነት ተነካ ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

መልካሙንም መካድ አልፈልግም። ሃርቫርድን በ1636 መሠረቱ። በ1647 ያወጡት ሕግ 50 ቤተሰብ ያለበት ከተማ ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር ያዝ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው ቅዱስ መጽሐፍን ራሱ ካላነበበ ሰይጣን ያታልለዋል ብለው ያምናሉ። የኒው ኢንግላንድ የትምህርት ፍቅር ሥሩ እዚህ ነው። ችግሩ ሰው ሁሉ ራሱ ካነበበ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይረዳም። ይህ ችግር ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈነዳባቸው።

ሮጀር ዊልያምስ በ1631 ቦስተን የደረሰ ወጣት ሰባኪ ነበር። ሁሉም ይወዱት ነበር፣ ፍልስፍናው ነው ያስቸገራቸው። እሱ ከሁሉም የባሰ ተገንጣይ ነበር። የቦስተን ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ አልተለየችምና አላገለግልባትም አለ። ቀጥሎ የባሰ ነገር ተናገረ። የእንግሊዝ ንጉሥ የእሱ ያልሆነውን የአገሬውን ሕዝብ መሬት ለሰፋሪ ማደል አይችልም አለ። ሦስተኛው ክርክሩ ደግሞ ለዛሬው ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነው። አሥርቱ ትእዛዛት በሁለት ጽላት ናቸው። የመጀመሪያው ጽላት ሰው ለእግዚአብሔር ያለበት ግዴታ ነው፤ ሌላ አምላክ አይኑርህ፣ ጣዖት አታምልክ፣ ስሙን በከንቱ አትጥራ፣ ሰንበትን አክብር። ሁለተኛው ጽላት ሰው ለሰው ያለበት ነው፤ አትግደል፣ አትስረቅ፣ በሐሰት አትመስክር። ዊልያምስ መንግሥት በሁለተኛው ጽላት ላይ ሥልጣን አለው፣ በመጀመሪያው ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለውም አለ። ይህን ያለው እምነቱ ስለላላ አልነበረም። መንግሥት እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያስገባ የሚበላሸው እምነቱ ነው፣ በግድ የተደረገ አምልኮም እግዚአብሔርን ያስቀይማል ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያንን በአጥር እንደተከለለ አትክልት ቦታ፣ ዓለምን እንደ ዱር ያያት ነበር። አጥሩ ሲፈርስ ዱሩ አትክልቱን ይውጠዋል።

በጥቅምት 1635 ከማሳቹሴትስ እንዲባረር ተፈረደበት። በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሊልኩት ሲሉ በጥር 1636 በበረዶ ውስጥ አመለጠ። ያስጠለሉት የዋምፓኖአግ ሰዎች ናቸው። ናራጋንሰት ከሚባለው የአገሬው ሕዝብ መሪዎች መሬት አግኝቶ ፕሮቪደንስን መሠረተ፤ የሮድ አይላንድ ግዛት የተወለደችው ከዚያ ነው። እዚያ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የለም፣ የሃይማኖት ግብር የለም፣ ሰው በእምነቱ አይከሰስም። በ1644 ለንደን ሄዶ ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ነፃነት ለአይሁድ፣ ለአረማውያን፣ ቱርኮች ብሎ ለጠራቸው ሙስሊሞችም ጭምር ይገባል ብሎ ጻፈ። የለንደን ፓርላማ ጽሑፉ እንዲቃጠል አዘዘ። ያ ፓርላማ እኮ የፒዩሪታኖች ፓርላማ ነው፣ ንጉሡን ስለ ነፃነት እየተዋጋ የነበረ።

ዊልያምስ ማንን እንደታገሠ ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኩዌከር የሚባሉትን፣ ወደ ኋላ የምመለስባቸውን ክርስቲያኖች አይወዳቸውም ነበር፤ ትምህርታቸው አደገኛ ስሕተት ነው ብሎ ያምናል። ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች በ1657 ሮድ አይላንድ ኩዌከሮችን እንድታባርር ሲጠይቁ ግን ግዛቷ እምቢ አለች። እሱ በስተርጅናው፣ በ1672፣ ጀልባ ቀዝፎ ኒውፖርት ድረስ ሄደና ከኩዌከሮቹ ጋር በአደባባይ ተከራከረ። ለእኔ የሃይማኖት ነፃነት የሚባለው ይህ ነው። የሰውዬውን እምነት ትክክል ነው ማለት አይጠበቅብህም። ስሕተት ነው ብለህ በአደባባይ ትሞግተዋለህ፣ ፖሊስ ግን አትጠራበትም።

ቦስተን ግን ፖሊስ ጠራች። ከዊልያምስ ቀጥሎ የተባረረችው አን ሃቺንሰን ናት። አዋላጅና የብዙ ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ሴቶችን እየሰበሰበች የእሑዱን ስብከት ትተረጉም ነበር፣ በኋላ ወንዶችም መምጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ ካህናት ጸጋን ትተው ሥራን ይሰብካሉ አለች። በ1637 ችሎት አቆሟት። ቀን ሙሉ በጥቅስ እየተሟገተች ረትታቸው ነበር ማለት ይቻላል፣ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር በቀጥታ ገልጦልኛል አለች። ያ በቃት፣ ተባረረች።

የኩዌከሮቹ ከሁሉም የከፋ ነው። ኩዌከሮች ካህን የላቸውም፣ ሴትም ትሰብካለች፣ አይምሉም፣ ለባለሥልጣን ቆብ አያወልቁም፣ አስራት አይከፍሉም፣ ጦር አያነሡም። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ የክርስቶስ ብርሃን አለ ይላሉ። በ1656 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ሜሪ ፊሸርና አን ኦስቲን ቦስተን ሲደርሱ መጽሐፎቻቸው ተቃጠሉ፣ እነሱም ታስረው በመጡበት ተመለሱ። ቀጥሎ የመጡት ተገረፉ፣ ጆሮአቸው የተቆረጠም አሉ። በ1658 ተባርሮ የተመለሰ ኩዌከር ይሙት የሚል ሕግ ወጣ። ኩዌከሮቹ ሕጉን ለመፈተን እያወቁ ተመለሱ። በ1659 ሁለት ወንዶች ተሰቀሉ። ሜሪ ዳየር አብራቸው ገመዱ ሥር ቆማ ነበር፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ምሕረት ተደረገላትና ከግዛቱ እንድትወጣ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ መጣች። ሰኔ 1 ቀን 1660 ተሰቀለች። በ1661 አንድ ሌላ ሰው ከተሰቀለ በኋላ ግድያውን ያስቆመው ማን ነው? ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝ ትእዛዝ ልኮ። ከንጉሥ ግፍ ሸሽተው የመጡ ሰዎች ያመጡትን ግፍ ንጉሥ አስቆመው። ዛሬ የሜሪ ዳየር ሐውልት በቦስተን የግዛቱ መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል የሚኖር ሰው ቦስተን ከሄደ እንዲያየው እመክራለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግን ካነሣሁ አይቀር የሜሪላንድን ታሪክ የአገሬ ልጆች ልብ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እኛ በብዛት የምንኖርበት መሬት ነው። ጆርጅ ካልቨርት የንጉሡ ሹም የነበረና በ1625 ካቶሊክ መሆኑን በግልጽ የተናገረ ሰው ነው። ለካቶሊኮች መጠጊያ የሚሆን ግዛት ለመነ። ፈቃዱ ሳይጸድቅ በ1632 ሞተና ለልጁ ለሴሲል ተሰጠ። ግዛቷም በካቶሊኳ የንጉሡ ሚስት በሄንሪየታ ማሪያ ስም ተሰየመች። አርክና ደቭ የሚባሉ ሁለት መርከቦች በመጋቢት 1634 ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ባለችው በሴንት ክሌመንትስ ደሴት ደረሱ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ለሥራ ስንመላለስ የምንሻገረው ያው ወንዝ ነው። መሪዎቹ ካቶሊኮች ቢሆኑም ከተሳፋሪው የሚበዛው ፕሮቴስታንት ነበር። ሴሲል ካልቨርት ካቶሊኮቹ መርከብ ላይ ሥርዓታቸውን በጸጥታ እንዲፈጽሙ፣ ስለ ሃይማኖትም እንዳይከራከሩ አስጠንቅቆ ላከ። ንግዱንም ሰላሙንም ማዳን ነበረበት።

በ1649 የሜሪላንድ ምክር ቤት ታዋቂውን የመቻቻል ሕግ አወጣ። በኢየሱስ ክርስቶስ የሚያምን ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይሳደድ ይላል። ሌላውን ሰው መናፍቅ፣ ፒዩሪታን፣ የሮም ጳጳስ ተከታይ ወዘተ ብሎ በሃይማኖቱ መስደብ በገንዘብ ያስቀጣል። ይህ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ሥላሴን የካደ ሰው በሞት ይቀጣ ይላል። ጄኮብ ለምብሮዞ የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም በ1658 በዚህ ተከሶ ነበር፣ ያዳነው በአጋጣሚ የወጣ ምሕረት ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሜሪላንድ ካቶሊኮች ከቨርጂኒያ የተባረሩ ፒዩሪታኖችን ተቀብለው አስጠጉ። ፒዩሪታኖቹ ኃይል ሲያገኙ በ1654 የመቻቻሉን ሕግ ሻሩ፣ ካቶሊኮችም ጥበቃ እንዳይኖራቸው አደረጉ። በሚቀጥለው ዓመት በሰቨርን ወንዝ አጠገብ ተዋጉ። ሕጉ በኋላ ተመለሰ፣ ነገር ግን በ1689 የፕሮቴስታንት አመፅ የካልቨርቶችን አስተዳደር ጣለው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሆነች። በ1718 ካቶሊኮች፣ እነሱው በመሠረቷት ግዛት፣ የመምረጥ መብታቸውን አጡ። አይሁድ በሜሪላንድ የመንግሥት ሹመት እንዲይዙ የተፈቀደላቸው በ1826 ነው። መቻቻል ኃይል ያለው ሰው የሚሰጠው ስጦታ ሲሆን ኃይል ያለው ሰው በተለወጠ ቁጥር ሊወሰድ ይችላል። ሜሪላንድ ይህን በደንብ ታሳያለች።

ፔንሲልቬኒያ በአንጻሩ የተሻለ ዕድል ነበራት። ዊልያም ፔን የአድሚራል ልጅና ራሱ በእምነቱ የታሰረ ኩዌከር ነው። ንጉሡ ለአባቱ የነበረበትን ዕዳ በ1681 በመሬት ከፈለው። ፔን በአንድ አምላክ የሚያምን ሰው ሁሉ በሰላም እንዲኖር ፈቀደ። የጀርመን ሰፋሪዎች፣ ስኮትላንዳውያን፣ ካቶሊኮች ገቡ። ሹመት ግን ለክርስቲያን ብቻ ነበር። በ1688 በጀርመንታውን የሚኖሩ ጥቂት ኩዌከሮች ባርነትን የሚቃወም አቤቱታ ለማኅበራቸው አቀረቡ። በዚያ አገር ከተጻፉት የመጀመሪያው ነው። ማኅበሩ ከብዶት ወደ ጎን አደረገው። ፔን ራሱም ባሪያዎች ነበሩት።

የአገሬው ሕዝብ እምነት በእነዚህ ሁሉ ዘንድ እንደ ሃይማኖት አልተቆጠረም። ጆን ኤሊየት የሚባለው ፒዩሪታን ቄስ ቋንቋቸውን ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ተረጎመ። በ1663 ታተመ፣ በሰሜን አሜሪካ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ያመኑትን በጸሎት መንደሮች አሰፈራቸው። በ1675 በሰፋሪዎቹና በአገሬው ሕዝብ መካከል ጦርነት ሲነሣ እነዚያው የተጠመቁ ሰዎች ተይዘው ቦስተን ወደብ ላይ ባለች ደሴት ታጎሩ፣ ብዙዎቹም በብርድና በረሃብ ሞቱ።

ታዲያ ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት ነፃነት በሕግ የቆመው እንዴት ነው? መልሱ ወደ ቨርጂኒያ ይመልሰናል። በ1760ዎቹና በ1770ዎቹ የባፕቲስት ሰባኪዎች ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ እየተባሉ በቨርጂኒያ ይታሰሩ ነበር። በእስር ቤት መስኮት በኩል የሰበኩ ነበሩ። ወጣቱ ጄምስ ማዲሰን፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በ1774 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ጎረቤት አውራጃ ውስጥ ስለታሰሩት ሰባኪዎች ተቆጥቶ ጽፏል። ከነፃነት በኋላ የቨርጂኒያው ፖለቲከኛ ፓትሪክ ሄንሪ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ግብሩ ይቀጥል፣ ግን ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ለክርስቲያን መምህራን ሁሉ ይከፋፈል የሚል። ለስላሳ ይመስላል። ማዲሰን በ1785 ተቃውሞ ጻፈበት። ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች ፊርማ ሰበሰቡ። ከግብሩ ሊጠቀሙ ይችሉ የነበሩ አማኞች ናቸው አንፈልግም ያሉት። ሐሳቡ ወደቀ፣ በምትኩም ጄፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነፃነት ሕግ በጥር 1786 ጸደቀ። በ1791 ደግሞ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቆም፣ አምልኮንም እንዳይከለክል የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ መጣ። እሱ ግን የሚያስረው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነበር። የፒዩሪታኖቹ ማሳቹሴትስ የቤተ ክርስቲያን ግብርን ያስቀረችው በ1833 ነው።

ስለዚህ አገሪቱን የመሠረቷት ሃይማኖተኞች ናቸው የሚለው እውነት ነው፣ ግን የትኞቹ? የትምህርት ቤቱን ሕግ ተመልከቱ። የሚሰቀለው ጽሑፍ ቃል በቃል በሕጉ ተወስኗል፣ የተወሰደውም ከፕሮቴስታንቶች ልማድ ነው። አይሁድ፣ ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች አሥርቱን ትእዛዛት የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የግዛቱ ምክር ቤት ሆነ ማለት ነው። ልጁን ሰንበት ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ትእዛዛቱ ይሰቀሉ ሲባል ደስ ሊለው ይችላል፣ ይገባኛል። ግን ያ ምክር ቤት ነገ የትኛውን እምነት ትክክለኛ እንደሚል ማንም አያውቅም። በአሜሪካ የምንኖር አበሾች ኦርቶዶክስም ሆንን ጴንጤ ወይም ሙስሊም በቁጥር ትንሽ ነን። የዊንትሮፕ ቦስተን ውስጥ ብንሆን ኖሮ ታቦት ማክበራችን፣ ማማተባችን፣ ገናና ጥምቀታችን ሁሉ የሚያስቀጣ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚደርስበት ሌላ ቦታም አለ፣ እሱም ፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ ያሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈሉና ሕንፃው የማን ነው ተብሎ ሲካሰሱ ብዙ ምእመን ዳኛው ማን እውነተኛውን እምነት እንደያዘ እንዲፈርድለት ይጠብቃል። ዳኛው ግን አይፈርድም። ባርነትን በተመለከተ የተከፈለ አንድ የኬንታኪ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሕግ መናፍቅነት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለየትኛውም ዶግማ አይወግንም ተብሎ ተወስኗል። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሁለት ነገር ያያሉ። ቤተ ክርስቲያኗ የበላይ አካል ካላት እሱ የወሰነውን ይቀበላሉ፣ ወይም ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በፈቀደው መንገድ የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ፣ የመተዳደሪያ ደንቡንና የምዝገባ ወረቀቱን እንደ ማንኛውም ድርጅት ወረቀት ያነባሉ። ስለዚህ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የምትመሠርቱ፣ ሕንፃ ልትገዙ ገንዘብ እያዋጣችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሲኖዶስ ወይም ከማኅበር ጋር ያላችሁን ግንኙነት፣ ማን እንደሚመርጥና ንብረቱ በማን ስም እንደሚሆን ገና ፍቅር እያለ በደንቡ ላይ በግልጽ ጻፉት።